ስኳር ጠጅን ያረክሰዋል እንጂ አያፈጥነውም

ዛሬ የበቆሎና የዳጉሳው ነገር ይቆየንና ስለ ማር እናውራ። ስለ ማር ለማውራት ደግሞ ጠጅ ቤት መግባት ግድ ነው። አገራችን ከምታመርተው ማር ትልቁ ድርሻ የሚጠጣ እንጂ የሚበላ አይደለምና።

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ አለ። "ዳንግላ ላይ ጠጅ ቤቱ ሞልቶ ያመሻል፤ የእኔ ማር ግን ጀሪካን ውስጥ ተቀምጧል። ይሄ ሁሉ ጠጅ ከምን እየተጣለ ነው?" ጠያቂው አናቢ ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን የማር ገበያችን ችግር እዚህች ጥያቄ ውስጥ አለ።

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ብዙው ከስኳር ነው። ጠጅ ጣዮቹን ስትጠይቋቸው ግን "ለማርከስ ነው" የሚላችሁ አታገኙም። "ቶሎ እንዲደርስልኝ ብዬ ነው" ነው የሚባለው። "የማር ጠጅ ሃያ ቀን ይፈልጋል፣ ደንበኛ ደግሞ ሃያ ቀን አይጠብቅም" ይሏችኋል። ዛሬ መከራከር የፈለግሁት ከዚህች ምክንያት ጋር ነው። ፍጥነት አንድ ነገር ነው፣ ርካሽነት ሌላ ነገር ነው፣ ጣፋጭነትም ሌላ ነገር ነው። ሦስቱ አንድ ብርሌ ውስጥ ገብተው በአንድ ስምና በአንድ ዋጋ ስለሚሸጡ ነው የማር ዋጋ የተምታታብን።

እኔም በዚህ ተሳስቼ አውቃለሁ። ያኔ ማር እነግድ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ለጥር መጨረሻ ተቆርጦ ሳለ በሆነ ምክንያት ሁለት ሳምንት ወደፊት መጣ። አክስቴ ጠጅ ገና አልጣለችም። እኔ አዋቂው "ስኳር ጨምሪበት፣ በሳምንት ይደርሳል" አልኳት። "አንተ ልጅ፣ ስኳር ያጣፍጣል እንጂ ያደርሳል ያለህ ማነው?" አለችኝ። ተጨቃጨቅንና ተስማማን፤ አንዱ በርሜል በማር ብቻ፣ ሌላው ግማሽ ማር ግማሽ ስኳር ተጣለ። ቀኑም ቦታውም አንድ ነው።

የሠርጉ ቀን ሁለቱም ጉሽ ነበሩ። የማሩ ጠጅ ኮምጠጥ፣ መረር ብሎ ጥሬነቱን አልደበቀም። የስኳሩ ግን ጣፋጭ ነው። ሰው ሁሉ "ይሄኛው ደርሷል" አለ። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ከሱ ሁለት ጀሪካን ሞልተን፣ ክዳኑን አጥብቀን፣ በመኪና ወደ ሙሽራዋ ቤተሰቦች ላክን። ግማሽ መንገድ ላይ አንዱ ጀሪካን እንደ ፊኛ ተነፍቶ ክዳኑ ተፈናጠረ። የሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢ ላይ ምን እንደተረጨ ልነግራችሁ አልፈልግም። ደርሷል ያልነው ጠጅ ገና እየፈላ ነበር ማለት ነው። የተጠጣው ጠጅ ሳይሆን ያላለቀ ስኳር ነው።

የአክስቴን ነገር ያኔ አልገባኝም ነበር። ኋላ ላይ ነገሩን ሳጣራው ልክ እሷ እንዳለችው ሆኖ አገኘሁት።

ጠጅ ሲጣል የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንድ እጅ ማር ከሦስት ወይም ከአራት እጅ ውሃ ጋር ይበረዛል። ሁለት ሦስት ቀን ተሸፍኖ ይቀመጥና ሰፈፉ ይገፈፋል። ጌሾው ከብርዙ ተቀንሶ ይቀቀላል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በሞቃት ቦታ 5 ቀን ገደማ፣ በብርድ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ቀን ይፈጃል። ልብ በሉ፣ ያው ማርና ያው ጌሾ ሆኖ ቀኑን በሦስት እጥፍ የሚያራርቀው ሙቀቱ ነው። እንጅባራ ላይ ከዳንግላ ይልቅ ብርድ ስለሆነ ይዘገያል። ጃዊና ቻግኒ ሞቃት ስለሆኑ ይፈጥናል። ስኳሩ እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለበትም።

ማር ራሱ 80 በመቶ ገደማ ስኳር ነው። ስለዚህ ስኳር ስትጨምሩ ለእርሾው አዲስ ነገር አልሰጣችሁትም። ማር ቀስ ብሎ የሚፈላው ስኳር ስላነሰው አይደለም፤ እርሾው ሰውነቱን የሚገነባበት ሌላ ምግብ ስለሚያንሰው ነው። ያንን ምግብ ነጭ ስኳር ከነአካቴው የለውም። በሌላ አነጋገር ማሩን በስኳር ስትተኩት እርሾውን ከነበረበት ረሃብ ወደባሰ ረሃብ ነው የምትወስዱት።

ያ የጎደለው ምግብ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ጥሬው ማር ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝ ውስጥ ነው። ነጋዴው "ቆሻሻ አለው፣ አልተጣራም" ብሎ ከዋጋው የሚቀንስበት ማር ማለት ነው። ለዳቦ የሚቀባ ከሆነ ተጣርቶ ቢሸጥ እሰየው። ለጠጅ ከሆነ ግን ብናኙ ጠጁን ከሚያፈጥኑት ነገሮች አንዱ ነው። አናቢው የሚያፈጥነውን ነገር በቅናሽ እየሸጠ፣ ጠጅ ቤቱ የማያፈጥነውን ነገር "ለፍጥነት" ብሎ እየገዛ ነው። ይሄ ገበያ ነው እንዴ?

ሌላው ደግሞ ጠጅ ላይ ሁለት ዓይነት ጊዜ ይቆጠራል። አንዱ የመፍያው ነው፣ ሌላው የማረፊያው። የመፍያውን በለብታና በጥሩ ጥንስስ ማሳጠር ይቻላል። የማረፊያው ግን አተላው የሚወርድበት፣ አየሩ የሚወጣበት፣ የጌሾው ምሬትና የማሩ ጠረን የሚዋሃዱበት ጊዜ ነው። ይሄኛው ብዙ አይታዘዝም። ስኳር የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ቀኑን አያሳጥርም፣ አለመድረሱን ይሸፍናል።

ይቺ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለችም። እኛ አገር በአዋጅ የተከለከለውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ ውጭ አገር በቤታቸው የሚቀምሙ ሰዎች እንኳ ያውቋታል። ቅመሙ ከፈሳሹ ጋር እስኪዋሃድ ሳምንታት ይቆያል። እነሱም በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፉና እየናጡ ለማሳጠር ይሞክራሉ። ማጣፈጫ የጨመረበት ግን ቀኑን አላሳጠረም፤ ጥሬውን ነው ያለበሰው።

አሁን ወደ እኛ ሥራ፣ ወደ ሒሳቡ እንምጣ።

ለስሌት እንዲመቸን የ1 ኪሎ ስኳር ዋጋ 1 እጅ፣ የ1 ኪሎ ማር ዋጋ 5 እጅ ነው እንበል። እናንተ የየገበያችሁን ቁጥር አስገቡበት። 25 ሊትር ጠጅ በአንድ ለአራት ለመጣል 5 ሊትር ማር ይገባል። ማር ከውሃ ስለሚከብድ ይሄ 7 ኪሎ ገደማ ነው። ወጪው 35 እጅ። አሁን ግማሹን ማር አውጡና በስኳር ተኩት። 3 ኪሎ ተኩል ማር 17 ከግማሽ እጅ፣ እሱን የሚተካው ስኳር 2.8 ኪሎ ስለሆነ 2.8 እጅ፤ ድምሩ 20.3 እጅ። የቀረው ወጪ 14.7 እጅ ነው። ከማሩ ወጪ 42 በመቶ ማለት ነው። ማር የስኳርን 3 እጥፍ ቢሆን 37 በመቶ፣ 8 እጥፍ ቢሆን 45 በመቶ ገደማ ይሆናል። ብዙ አይለዋወጥም።

ብርሌው ግን ያው በ"ጠጅ" ዋጋ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ያ 42 በመቶ ስም የሌለው ትርፍ ነው። ከጠጪው ኪስና ከአናቢው ጀሪካን የወጣ ነው።

በሌላ በኩል እውነተኛ ፍጥነት ስንት ያወጣል? በማር ብቻ የተጣለው በርሜል በ20 ቀን ሲደርስ 35 እጅ ብር ለ20 ቀን ታስሮ ይቀመጣል። በለብታና በጥንስስ ወደ 10 ቀን ብታወርዱት ያው ብር፣ ያው በርሜል በ20 ቀን ሁለቴ ይዞራል። አንዲት ፍሬ ስኳር ሳይገባበት ማለት ነው። ለዚህ ነው "ለፍጥነት ብዬ ነው" የሚለውን የማልቀበለው። ፍጥነት የፈለገ ሰው መንገድ አለው፣ እሱም ትርፍ አለው። ስኳሩን የጨመረው ሰው የፈለገው 42 በመቶውን ነው። ይፈልግ፣ ነግዶ ማትረፍ ነውር አይደለም። ነገሩን ግን በስሙ ይጥራው።

ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሦስቱን ቀድሜ ላንሳ።

አንደኛው፦ "ቶሎ ቶሎ የሚጥል ቤት በጠቅላላው ብዙ ማር ይገዛል።" በወረቀት ላይ እውነት ነው። ሃያ ቀን የሚቆየው ቤት አንድ ጊዜ 7 ኪሎ ሲገዛ፣ በሳምንት የሚያወጣው ቤት ሦስቴ 3 ኪሎ ተኩል፣ 10 ኪሎ ተኩል ይገዛል። ግን ይሄ ጠጪው በሦስት እጥፍ ከጨመረ ብቻ ነው። የዳንግላ ጠጪ ስኳር ስለገባ በሦስት እጥፍ አይጨምርም። ጠጪው ያው ከሆነ በየሊትሩ የሚገባው ማር በግማሽ ይቀንሳል። የአናቢው ጀሪካን የቀረው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው፦ "ታዲያ ድሃ ጠጅ አይጠጣ?" ይጠጣ እንጂ። ቅይጥ ጠጅ ይከልከል አላልኩም። በቅይጥ ስም፣ በቅይጥ ዋጋ ይሸጥ ነው ያልኩት። ስኮትላንዶች መጠጣቸው በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ካላረፈ "ስኮች ዊስኪ" ተብሎ እንዳይሸጥ በሕግ ደንግገዋል። ቶሎ የደረሰ መጠጥ መሥራትን አልከለከሉም፤ የከለከሉት ስሙን ነው። ስሙ ሲጠበቅ ዋጋው ይጠበቃል፣ ዋጋው ሲጠበቅ ገበሬው ይተርፋል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፦ "አናቢውና ነጋዴውስ ማሩ ላይ ስኳር አይጨምሩም?" ይጨምራሉ። እዚህ ላይ ራሳችንን አናታልል። ጠጅ ቤቱ ንጹሑን ከቅይጡ መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የቅይጥ ዋጋ ይሰጣል። ያኔ ንጹሕ ማር ያመጣው ሰው ይከስራል፤ በሚቀጥለው ገበያ ወይ እሱም ይቀላቅላል፣ ወይ ቀፎውን ይተዋል። ስኳሩ ከቀፎው ሥር ጀምሮ እስከ ብርሌው ይወርዳል ማለት ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብን ከባዕድ ነገር ቀላቅሎ መሸጥን ይከለክላል። አዋጅ ግን ገበያ ቀን መጥቶ ጀሪካን አይከፍትም። ኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማር መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር የገባችው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ ያለው ገዢ በቤተ ሙከራ ይመረምራል። በስኳር የሚያዝ ሰው ያንን በር የሚዘጋው ለራሱ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ዞን አስገራሚ ነው። ማሩም እዚሁ ነው፣ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካም እዚሁ ጃዊ ወረዳ ነው። እኔ የማርን ዋጋ ለመገመት ቀፎ ብቻ አልቆጥርም፤ የስኳር መኪናም አያለሁ። ስኳር ከሱቅ ሲጠፋ ጠጅ ቤቱ ወደ ማር ይመለሳል፣ የማር ዋጋም ይነቃል። ስኳር ሲገባ ደግሞ ማር ይተኛል። ማር ከስኳር ጋር እንዲህ ታስሮ የሚሄደው ጠጪው ሁለቱን ስለማይለይ፣ እንዲለይም ስለማይነገረው ነው።

ጠጪው እንደማይለይ ደግሞ ማስረጃ አለ። ከአዲስ አበባ ጠጅ ቤቶች ናሙና ተወስዶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ የጠጁ የአልኮል መጠን ከ3 በመቶ በታች ጀምሮ ከ20 በመቶ በላይ ይደርሳል። ሁሉም "ጠጅ" ነው የሚባለው። አንዱ እንደ ጠላ፣ ሌላው ከወይን ጠጅም የበረታ። አንድ ኩንታል ጤፍ በዚህ ዓይነት ልዩነት ብንሸጥላችሁ ትገዙናላችሁ? ጤፍ እንኳ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ተብሎ የየራሱ ዋጋ አለው። ማሩና ጠጁ ለምን ይነፈጋቸዋል?

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ለጠጅ ቤቶች፦ ማፍጠን ከፈለጋችሁ በደንብ አፍጥኑ። ከቀደመው ጥሩ ጠጃችሁ ገና እየፈላ ያለውን አንድ ሁለት ሊትር ለአዲሱ ጥንስስ አድርጉት። በርሜሉን ለብ ያለ ቦታ አኑሩት፣ በብርድ ወቅት በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። እሳት አፍ ላይ ግን አታስቀምጡት፤ ሲበዛበት እርሾውም ይዳከማል፣ ጠጁም ራስ ምታት ይሆናል። ለጠጅ የሚሆን ማር ስትገዙ ብናኙ ያልወጣለትን ጥሬ ማር ምረጡ። የዳቦ እርሾ ያፈጥናል፣ እውነት ነው፤ ግን የሊጥ ጠረኑ አይለቅም፣ ደንበኛችሁም ያውቀዋል። መፍላቱ ሳያበቃ ጀሪካን አጥብቃችሁ አትዝጉ፤ የጠርሙሱማ የባሰ ነው፣ ፈንድቶ ሰው ይጎዳል። ካበቃ በኋላ ደግሞ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ አዙሩት፣ አተላው ቶሎ ይወርዳል። ግድግዳችሁ ላይ ሁለት ዋጋ ለጥፉ፦ "የማር" እና "ቅይጥ"። መጀመሪያ የለጠፈው ቤት ይከስራል ብላችሁ ፈርታችሁ ይሆናል። እኔ ግን የማር ጠጅ ፈላጊ ለአንድ ብርሌ ተጨማሪ ብር እንደማይሰስት አምናለሁ። የሚሰስተው ተጨማሪው ብር ስኳር እንዳይገዛበት ፈርቶ ነው።

ለአናቢዎች፦ ጥሬውንና የተጣራውን ለያይታችሁ አቅርቡ። ገዢው "ለምን ትፈልገዋለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ለጠጅ ነው ካለ ስለ ብናኙ ዋጋ አትቀንሱ። ማር መርጋቱም ስኳር አለበት ማለት አይደለም። የኑግና የመጭ አበባ ማር በብርድ ቶሎ ይረጋል፤ "ረግቷል፣ ስኳር ነው" የሚል ደላላ ሲመጣ ዋጋ ሊሰብር መሆኑን እወቁ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሁሉም ቆርጦ በአንዴ ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይወርዳል። በደንብ የበሰለና እርጥበት የማይገባው ማር በተከደነ ዕቃ ይቆያል፤ ቢያንስ ግማሹን ማቆየት የምትችሉ አቆዩ። ስኳር አትቀላቅሉ ብሎ መስበክ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዛሬ በአንድ ጀሪካን ያተረፋችሁት ብር ነገ በሁሉም ጀሪካን ላይ ተቀናሽ ሆኖ ይመለሳል።

ለጠጪዎች፦ አንዲት ጥያቄ ብቻ ልመዱ። ብርሌው ሲቀርብ "የማር ነው የቅይጥ?" በሉ። አስተናጋጁ ይስቅባችሁ ይሆናል። አሥር ሰው ሲጠይቀው ግን ጌታውን ሄዶ ይጠይቃል።

የአክስቴን በርሜሎች መጨረሻ ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ ለቅልቅል እንግዳ ሲመጣ ከሁለቱም ተቀዳ። የማሩ ጠርቶ፣ ወርቅ መስሎ፣ ምሬቱም ጣፋጭነቱም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ጠበቀን። የስኳሩ ጣፋጭነቱ አልቆ፣ ከሥሩ ምንም ሳይኖር ቀጥኖ ተገኘ። አክስቴ ሁለቱን ብርሌ ፊቴ አስቀምጣ "ነጋዴው፣ አሁን ዋጋ አውጣላቸው" አለችኝ። አንዱን ብቻ ጨረስኩ። የቱን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እናንተ ጋ ገበያው እንዴት ነው? በየአካባቢያችሁ የጥሬ ማርና የስኳር የኪሎ ዋጋ ስንት ለስንት እንደሆነ ኮሜንት ላይ ጣሉልን፤ ደርድረን እንለጥፈዋለን። ጠጅ ቤት ያላችሁ ሰዎችም ካልተስማማችሁ ጻፉልኝ፣ ሳልቆርጥ አወጣዋለሁ።

መልካም ገበያ።